ተራው ነው ያልኩት ልጅ

ሥራ በገባሁበት ቀን አለቃዬ ዴል የሄልሜት ልክ ማየት አስተማረኝ። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት፤ ከዚያ የፊቱን ብረት ይዞ ግራና ቀኝ ማዞር። የተጫዋቹ የግንባር ቆዳ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ሄልሜቱ ሰፍቶታል ማለት ነው። የአሜሪካን ፉትቦል በቴሌቪዥን እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። ሴንት ፖል በሚገኝ ኮሌጅ የትጥቅ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እቆያለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ሥራችን ትጥቅ ማደል፣ ማጠብና መጠገን ነው። በየነሐሴው ደግሞ አሰልጣኙ በሚሰጠን ዝርዝር መሠረት የተጫዋቾቹን ስም ሎከራቸው፣ ማለትም የልብስ ሳጥናቸው ላይ እንለጥፋለን። ወደ ሜዳ በሚያስወጣው በር በኩል ያለው ረድፍ የቋሚ ተሰላፊዎች ነው። ዴል ጡረታ ሲወጣ ዝርዝሩ እኔ እጅ ገባ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ናሆም እዚሁ አቅራቢያ ያለችው የኩን ራፒድስ ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱን ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። ሴንተር ነበር፤ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ አቀብሎ ጨዋታውን የሚያስጀምረው። ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። በጸደይ ሌላ ኮሌጅ በቋሚነት እናሰልፍሃለን ብሎ ሲጠራው አባቱ ይዞት መጣና ምን ይሻላል አለኝ። የዘንድሮው ሴንተር ይመረቃል፣ ተራው የናሆም ነው፣ ይታገሥ አልኩ። እኔም የዴልን ቦታ ያገኘሁት ጠብቄ ነው።

ነሐሴ ላይ ዝርዝሩ መጣ። በናሆም ቦታ ከደቡብ የመጣ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ግዙፍ ልጅ ተጽፏል። አሰልጣኙ ቢሮ ገብቼ፣ ሴንተር ለጓደኞቹ የሚሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ናሆም በቃሉ ያውቃል፣ ሦስት ዓመት አብሯችሁ ነው አልኩ። ቀና ብሎም አላየኝ።

«አዲሱ ልጅ ልምዱን እዚሁ ያገኘዋል፤ ለናሆም ግን ቁመት ከየት አመጣለታለሁ?» አለ።

የናሆምን ስም ነቅዬ በኋለኛው ረድፍ፣ መጸዳጃው አጠገብ ለጠፍኩት። የአዲሱ ስም እጄ ላይ እንዳለ ናሆም እንደ ልማዱ ከሁሉም ቀድሞ ገባ።

«ጋሼ፣ ዌይት አድርግ ያልከኝ አንተ ነህ» አለኝ።

የአዲሱን ስም በበሩ በኩል ባለው ረድፍ ለጠፍኩት። የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ፤ አሰልጣኙ ናሆምን አዲሱን ልጅ እንዲያስጠናው አዘዘው። አስጠናው፤ ያውም በደንብ። አዲሱ በአንድ የውድድር ዘመን ስም አወጣና ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ናሆም በቋሚነት አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይሰለፍ ተመረቀ። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ቆሞ ግን አያወራኝም። አሰልጣኙን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ራሴንም።

ለምትተኩኝ የምለው ይኼን ነው። እኛ ስም እንለጥፋለን እንጂ ቦታ አንሰጥም። በማትሰጡት ቦታ ለማንም ተራህ ነው አትበሉ።