ሰላምታ የማይመልሰው ፌሮ ሠራተኛ

ሳይቱ ላይ «ኩሩው» ይሉት ነበር፤ ከኋላው ሰላም ሲሉት ስለማይመልስ። ብረት በማሰር ጠጉሩ ሸብቷል፤ እጁ ፈጣን፣ ሥራው ንጹሕ ነው። ሰው ግን አፍንጫውን የነፋ አድርጎ ይቆጥረዋል። እሱም ስሙን አልጠላውም፤ ኩሩ መባል ደንቆሮ ከመባል ይሻላልና።

ጆሮው በአንድ ቀን አልከዳውም። ብረት መቁረጫው አጠገብ ዓመታት ሲያልፉ ቀስ እያለ ነው የሄደው፤ መጀመሪያ የልጁ ሹክሹክታ፣ በመጨረሻ ከጀርባ የሚመጣ ነገር ሁሉ። ፊት ለፊት የሚያናግረውን ከከንፈሩ ያነብበዋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ንገራቸው ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ሳይቱ ላይ የነበረውን፣ እግሩን የሚያነክሰውን አናጺ ያነሳባታል። ሠራተኛው አካሄዱን እያስመሰለ ሲስቅበት ከርሞ፣ የቀድሞው አለቃ እዚህ የሚያስፈልገን ጤነኛ ነው ብሎ ሸኝቶታል። ያን ጊዜ እሱም አብሮ ስቋል፤ ካልሳቅሁ ይታወቅብኛል ብሎ።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚኖረው በዓይኑ ነው። ሰው ሲሮጥ ይሮጣል፤ ሰው ሲስቅ ይስቃል። ባጎነበሰ ቁጥር ማጅራቱን ይበርደዋል፤ ዞር ብሎ ያያል፤ ምንም የለም። እንደገና ያጎነብሳል።

አንድ ጠዋት የመኪናው መግቢያ ዳር ተንበርክኮ ብረት ሲያጎብጥ፣ ድንገት የሆነ እጅ ኮሌታውን ይዞ ጎተተውና በጀርባው ተዘረረ። ኮንክሪት የጫነው መኪና ወደ ኋላ እየተመለሰ እግሩ ሥር አለፈ፤ ያጎበጠውን ብረት እንደ ክር ደፈጠጠው። ቀና ሲል ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ ለእሱ ግን ዓለም ጭጭ ብሏል። የዚያን ያህል ፈርቶ አያውቅም።

ፎርማኑ ሮጦ መጥቶ ምን ነካህ ሲለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሐሳብ ወሰደኝ አለ።

የጎተተችው ጠጠር የምታመላልስ ሴት ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ አትሰማም አይደል?» አለችው።

«እባክሽ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

«ዛሬስ ደረስኩልህ። ነገ ባልደርስ ምን ሊውጠኝ ነው? እኔ አልናገርብህም። አንተ ግን ተናገር።»

በማግስቱ ፎርማኑ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሁለቴ ሊመለስ ቃጣው። ገብቶም የተናገረው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው፤ ጆሮዬ አይሰማም፣ ትናንት ሐሳብ አልነበረም አለ። ፎርማኑ አፍጥጦ አየውና ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ሲነሣና ሲወድቅ ይታያል፤ እየተናገረ ነው። ይባረር ይሁን ይሰደብ አያውቅም። በዕድሜው ጠይቆ የማያውቀውን የጠየቀው ያኔ ነው።

«ፊትዎን ያዙሩልኝ። ካላየሁዎት አልሰማዎትም።»

ፎርማኑ ዞረ። «ብትሞት ለሚስትህ ምን ብዬ ልነግራት ነበር? ነው ያልኩት» አለው። ከዚያ መጋዘኑ አጠገብ ጠብቅ ብሎ አስወጣው። እዚያ ተቀምጦ ለሚስቱ የሚላትን ሲያወጣ ሲያወርድ ረፈደ።

ፎርማኑ ሠራተኛውን ሰብስቦ ወሰነ፤ ከእንግዲህ ኩሩው መኪና ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው ወለል ይሂድ፤ የፈለገው ሰው የተዘረጋውን ብረት በመዶሻ ይምታለት፤ ንዝረቱ እጁና ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ደስ ያላለው ነበር። ለብዙ ዓመት አብሮት ያሰረ ጓደኛው፣ ከማይሰማ ሰው ጋር ነፍሴን አላስይዝም ብሎ ወደ ሌላ ቡድን ተዛወረ። አንዳንዱ ደግሞ ለጨዋታ ብረቱን ይመታና እሱ ተስፈንጥሮ ሲነሣ ይስቃል። ፎርማኑ አንዱን ከሥራ አግዶ እስኪያሳይ ድረስ፣ ኩሩው ብረቱ በነዘረ ቁጥር እውነት ይሁን ቀልድ ሳያውቅ ልቡ ይከዳው ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ የብየዳ ሠራተኛ ውኃ በርሜሉ አጠገብ አገኘው። ግራ ቀኙን አይቶ፣ አንድ ዓይኑን በጣቱ አሳየው፤ መጥፋት ጀምሯል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ለኩሩው ማንበቡ እንኳ ከብዶት ነበር።

«አንተ ለፎርማኑ እንዴት አድርገህ ነገርከው?»

«እየፈራሁ ነዋ» አለው ኩሩው፤ ክንዱን ይዞም ወደ ፎርማኑ ክፍል ወሰደው።