የዓርብ እንቁላል

በዚያ ዓርብ ምግብ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ጓደኛዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ሦስተኛዋ የቤቱ ባለቤት፣ ከሸዋ የመጡ፣ እጃቸውን ሁልጊዜ በሽርጣቸው የሚጠርጉ ሴትዮ ናቸው። አራተኛው በሩ አጠገብ ሻይ ይዞ የተቀመጠው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አምስተኛው ዘግይተው የገቡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የጓደኛዬ የክርስትና አባት ነበሩ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ምግብ ቤቱ ሆሳዕና ውስጥ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሜዳ ዳር ነበር። ሴትዮዋ ረቡዕና ዓርብ ሁለት መጥበሻ ይይዛሉ፤ አንዱ የጾም፣ ሌላው የፍስክ። በፍስኩ መጥበሻ የሚሠሩት ለእኛ ለሚሲዮን ሰዎችና ለሙስሊም ነጋዴዎች ነበር። እሳቸው ስለሚጾሙ አይቀምሱትም። ጨው የሚያደርጉት በግምት ነው፤ በዚህም የተነሣ የዓርብ እንቁላል ወይ ጨው ይበዛበታል ወይ ያንሰዋል።

ጓደኛዬ ያደገው በኦርቶዶክስ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ግን ከእኔ ጋር ወንጌል ሲያነብ ከርሞ፣ በጉባኤያችን ፊት ቆሞ አምኛለሁ ብሎ ነበር። አባቱ አያውቁም። የጎረቤት ልጅ ሚሲዮን የገባ ጊዜ፣ «የእኔ ልጅ ቢሆን ቀብሬ ላይ አይቆምም ነበር» ማለታቸውን ራሱ ነግሮኛል። የሚኖረው በእሳቸው ቤት ነው። ለብዙ ጊዜ አልጋ ላይ የዋሉት እናቱም እዚያው ናቸው፤ ማታ ማታ የሚያገላብጣቸው እሱ ነበር። ከቤት ከወጣ እናቱን ማን እንደሚያሳየው አያውቅም።

«ሽሮ ነው የፍስክ?» አሉት ሴትዮዋ። ቤተሰቡን ያውቃሉ።

«የፍስክ። ለሁለታችን፣ በአንድ ትሪ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ለምን ሽሮ እንዳላዘዘ ዛሬም አይገባኝም። ርቦን ነበር። እኔ ገና ሳይነጋ ከጊምቢቹ በእግሬ ተነሥቼ ነው የመጣሁት። አራት እንቁላል በቅቤ ተጠብሶ መጣ። ጨው በዝቶበታል። እሱ በወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ በወዲህኛው እንጀራውን ቆርሰን ሦስት ጊዜ ያህል እንደጎረስን የክርስትና አባቱ በሩ ላይ ታዩ። ለሾፌሩ የሚሰጡት የታሸገ ደብዳቤ ይዘዋል።

ጓደኛዬ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። ሴትዮዋ ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ እስኪያልፍ አንድ ሰሃን ሽሮ ይዘው መጥተው ፊቱ አስቀመጡለት። ማንም አላዘዛቸውም።

ሰውየው ወደ እኛ ሲመጡ ተነሣን።

«በእግዚአብሔር! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።»

«እንብላ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ዘጠኝ ሰዓት መች ደረሰና! የዛሬ ልጆች፣ ሆዳችሁ እኮ ደወል አይጠብቅም።» ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የሚሲዮን ልጅ ነህ መሰለኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ይኸ ሁሉ እንቁላል የአንተ ነው?»

ሾፌሩ ሻዩን ማማሰል ተወ። በሕይወቴ ቆርጬ የዋሸሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱንም አስታውሳለሁ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«አራት እንቁላል?»

«ከጊምቢቹ በእግሩ ነው የመጣው፣ ምን ያድርግ!» አሉ ሴትዮዋ ከጓዳው።

ሰውየው ሣቁ። ከዚያ ዓይናቸው ትሪው ላይ አረፈ። ፍርድ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቃል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እንጀራው በሁለት በኩል ተቆርሷል። ሽሮው ግን አልተነካም።

«የሚሲዮን ሰው ጠረጴዛ እየዞረ ነው እንዴ የሚበላው?» አሉ። አሁን አይሥቁም።

አፌን ከፍቼ ሌላ ውሸት ስፈልግ ጓደኛዬ አየኝ። እጁን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ፤ ጣቶቹ ላይ ቢጫው ደርቋል። ሽሮውን ገፋ አደረገና ከትሪው ቆርሶ ጎረሰ።

«በእኔ ምክንያት አይዋሽ» አለ። «የሁለታችን ነው፣ ጋሼ።»

ሰውየው ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«አባትህ ያውቃል?»

«አያውቁም።»

«በአርባ ቀንህ ያቀፍኩህ እኔ ነኝ። አዲሱን ጋቢዬን አበላሽተህብኝ፣ ቄሱ ሣቁብኝ።» ወደ በሩ ተመለከቱ። «ከሌላ ሰው ከሰማ በሩን ይዘጋብሃል። ከአንተም ሰምቶ ሊዘጋብህ ይችላል። ግን ከአንተ ይስማ። ዛሬውኑ። ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ፣ እኔም አለሁ።»

ጓደኛዬ ተነሥቶ ታጠበ። ሲወጡ ልከተላቸው ብዬ ነበር፤ ሰውየው በመዳፋቸው አስቆሙኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ለአባቱ ነገራቸው። አባቱ የልብስ ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ደጅ አወጡት። እናቱን ግን እንዳይጠይቅ አልተከለከለም። የክርስትና አባቱ በር ላይ ቆመው፣ «በዚህ ቤት አንድ የክርስትና ልጅ አለኝ፤ እናቱን ሊያይ ሲመጣ እኔ ይዤው እመጣለሁ» ብለዋል አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። እናቱ እስኪያርፉ ድረስ በየእሑዱ አብረውት ይሄዱ ነበር፤ አባትና ልጅ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተነጋገሩም።

የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ከምግብ ቤቱ እንደወጡ ሁለቱ አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው ተነጋግረዋል። ጓደኛዬ ብጠይቀው፣ በፍርሃት ውስጥ ስለነበር አንድ ቃል እንደማያስታውስ ነገረኝ። ሰውየውን መጠየቅ አልደፈርኩም። ሾፌሩ ከእኔ በፊት ወጥቶ አጠገባቸው ዕቃ ይጭን ነበር። ሴትዮዋም በመስኮቱ ያዩ ነበር። ሁለታችሁም በሕይወት ካላችሁና ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ከተገኘ፣ የሰማችሁትን ንገሩኝ። የጻፍኩት የተሳሳተ ካለም አርሙኝ።