አማቴ የመሰከሩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ተከትዬ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ከባሏ ጋር ከተፋቱ ቆይተዋል፤ የቀራቸው የንብረት ክፍፍሉ ነው። «እትዬ ብርቄ፣ ምንም አይናገሩ፤ አጠገቤ ብቻ ይቀመጡልኝ» ስትለኝ እንቢ ማለት አልሆነልኝም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቃዋ የጻፈላትን ዝርዝር ሰጠችኝ፤ ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ አንድ ባጃጅ፣ በባልየው ወንድም ስም የተገዛ ቦታ። ከፊት ለፊታችን የባልየው እናት ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ወደ እሳቸው ባየች ቁጥር እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ምን እንደሚያውቁ፣ ምን እንደማያውቁ እንጃ። እኔን ግን ዝምታቸው ይዞኝ ሄደ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ወደነበርሁበት ወደ ቁይ ገጠር።

ባሌ አላምረው ይባላል። ሥራ ወዳድ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እሱ ሲያርስ እኔ ሳርም፣ እሱ ሲያጭድ እኔ ስሰበስብ፣ አባቴ ሲድረኝ ከሰጠኝ ከአንዲት ላም ተነሥተን በአምስት ዓመት አራት በሬ አደረስን። ኋላ እህል እየጫነ ደጀን መመላለስ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሌሊት ያድር ነበር፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሳምንት። እዚያ ሌላ ጎጆ እንደቀለሰ የነገሩኝ ገበያተኞች ናቸው። ጠየቅሁት፤ አልካደም። «እንግዲያው ይብቃን» አልሁትና አባቴ ቤት ገባሁ። ጠባችን ያችው ናት። ሰው ትዳር ሲፈርስ ብዙ ጩኸት ያለው ይመስለዋል፤ እኛ ቤት ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ አልነበረም።

ሽማግሌ የተቀመጠው በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፤ ከአባቴ ጋር የመጣንበት መንገድ ግራ ቀኙ ቃርሚያ ነበር፣ አቧራውም ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አላምረው ግቢ ውስጥ ካለው ብሳና ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የሚመሯቸው የደብራችን ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ጎረቤት ትኩስ የስንዴ ዳቦ በኑግ ልጥልጥ አቅርባላቸው የኑጉ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። አማቴ ወይዘሮ የሻረግ፣ እኔ «እመይቴ» የምላቸው፣ ከቤቱ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ባልቴት ናቸው። ከአላምረው ሌላ ልጅ የላቸውም፤ የሚኖሩት በእሱ ቤት፣ የሚበሉት ከእሱ እጅ ነበር።

ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ደጅ ተደረደረ። ጋኑ፣ እንስራው፣ ቁርበቱ፣ ሞፈርና ቀንበሩ። የኖርሁበት ቤት ፀሐይ ላይ ሲወጣ እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንዱ ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። የሚከፍለው የቱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እጁ አያዳላም። ዕቃውንም እህሉንም እንዲሁ ተካፈልን። ከብቱ ላይ ስንደርስ ግን በረቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት በሬዎች ብቻ ሆኑ።

«ቡሬና ዳማ የታሉ?» አልሁ።

«ደጀን ገበያ ሸጥኋቸው» አለ አላምረው። «ብሩም አልቋል።»

«ለማን ሸጥህ?» አሉት ቄሰ ገበዙ።

«ለመንገደኛ ነጋዴ። ስሙን አላውቅም።»

አባቴ ጥርሱን ነከሰ። እኔ ምስክር አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ቄሰ ገበዙ የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲያው መስቀሉን መትተህ ማል። ከማልህ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።»

አላምረው ተነሣ። እጁን ሲያነሣ አየሁት።

«ቆይ! እጅህን አውርድ።»

እመይቴ ነበሩ። ሰፌዱን አስቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሥተዋል። «በሬዎቹ አልተሸጡም። ከወንዙ ማዶ የአጎቱ ልጅ ዘንድ ናቸው። የነዳቸው ይሄው ልጄ ነው፤ የበረቱን በር የከፈትሁለት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

የአላምረው ፊት አመድ መሰለ። «እማዬ! በገዛ ቤቴ?»

«አዎን፣ ቤትህ ነው። እንጀራህንም ነው የምበላው። ከፈለግህ ዛሬውኑ አስወጣኝ። በሬ ሄዶ ይመጣል፤ በሐሰት መስቀል የመታ እጅ ግን ምን ያደርጉታል?» ወደ እኔ ጠቆሙ። «ላሚቱን ይዛ የመጣች ይቺ ልጅ ናት። እኔ አባትህን ሳላገኝ ከነበረው ባሌ ስለይ በለበስሁት ቀሚስ ነው የወጣሁ። ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ቢናገርልኝ ብዬ ዙሪያዬን አይቻለሁ። ሁሉም ያውቅ ነበር። የተናገረ አልነበረም።»

ቄሰ ገበዙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከትለዋቸው ተነሡ። ሦስት ሽበታም ወንዶች ለአንዲት ባልቴት ቆሙ። አባቴም ቆመ። እኔ ታቦት ሲወጣ እንደሚወርረኝ ያለ ነገር ወረረኝ፤ ተንበርክኬ መሬቱን ሳምሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ውኃ የቀዳሁላቸው፣ እግራቸውን ያጠብሁላቸው ሴትዮ፣ ማን እንደሆኑ ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

አላምረው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል በሬዎቹን ራሱ እየነዳ ተመለሰ። አራቱን ሁለት ሁለት አድርጎ አቆመና፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ምረጪ» አለኝ። ቡሬና ዳማን ወሰድሁ።

ስንወጣ እመይቴ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ሳምሁ። «አታልቅሺ» አሉኝ። «በሬ ያላት ሴት የማንም ደጅ አትጠናም። ሂጂ፣ ሳይመሽ።»

ከአቀበቱ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው ድንጋዩ ላይ ናቸው፤ ወደ ቤት አልገቡም። አላምረው በሩ ላይ ቆሟል። እናትና ልጅ እንደዚያ ብዙ ቆዩ። አባቴ «ነይ እንጂ» ቢለኝም እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። በመጨረሻ አላምረው መጣ፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው፣ ደግፎ አስነሣቸው፣ ተያይዘውም ገቡ። እስኪሞቱ ድረስ በደንብ እንደጦራቸው ለቀብራቸው ስሄድ ሰምቻለሁ። መቃብሩ አጠገብ እሱና እኔ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ብዙ አየሁ። የተማረ ዳኛም፣ አንደበቱ የተባ ጠበቃም አይቻለሁ። የሚያበላውን እጅ፣ የወለደውን ልጅ ፊት ለፊት ይዞ እውነት የተናገረ ሰው ግን ከእሳቸው ወዲያ አላየሁም። እኔም ሁለት ወንዶች ልጆች ወልጃለሁ፤ ዛሬ የምኖረው በታላቁ ቤት ነው። ዕድሜዬም የዚያን ቀን ከነበረው ከእሳቸው ዕድሜ አልፏል። እችለው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አላውቅም።