የአጎቴ አንጎል በሱቁ በር ላይ

የዘመዳችሁን አንጎል ለፀሐይ ዘርግታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ አጎቴ ሱቅ በር ላይ፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር።

አጎቴ ያን ዓመት ዝም ብሎ ከረመ። ሱቁን ይከፍታል፣ የሰሊጥ ጆንያ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ደንበኛ ሲጠይቀው እንኳ አይመልስም። ሚስቱ ዕጢ ነው ብላ ፈራች። ካርቱም ወስደን ሲቲ ስካን አስነሣነው። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ «ማፊ ሐጃ» አለን፤ ምንም የለም። የያዘው ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘ፤ ብቻውን አትተዉት ሲልም አስጠነቀቀን።

ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በሽታውን ሳያይ አይሄድም። ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ፊልሙን ተቀብለው ለፀሐይ ዘረጉት።

«ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?»

«ውሃ ናት» አልኳቸው።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ? ሰፈራችን ውስጥ እንኳ የለም!»

«የሁሉም ሰው አንጎል ውስጥ አለ፣ ሐጂ።»

«እሺ፣ ዕጢው የቱ ጋ ነው?»

«ዕጢ የለውም።»

«ካርቱም ድረስ ሄዳችሁ ባዶ እጃችሁን ተመለሳችሁ? እንግዲያ ጤነኛ ነዋ! ተነሥቶ ይሥራ!»

የአጎቴ ሚስት «ዕጢ በኖረው ልበል እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች። የፈራችው ይህንኑ ነበር፤ ዕጢ ከሌለው ሰነፍ ሊሉት ነው።

መምህር ነኝና ይህን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። ፊልሙን ወስጄ ከፍ አደረግሁትና ማስረዳት ጀመርኩ። «አንደኛ፣ ይህ ሥዕል ሥጋን ያሳያል፤ ዕጢ ቢኖር ይታይ ነበር። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎች የብዙ ሰዎችን አንጎል በምስል እያነጻጸሩ የድባቴን ምልክት ይፈልጋሉ፤ ከአንድ ሰው ፊልም ላይ ግን ይኸውላችሁ ሐዘኑ ብሎ የሚያሳይ የለም። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሦስተኛ...»

«ገልብጠኸዋል።»

ሁላችንም ዞርን። አጎቴ ነው፤ ከጆንያው ጥግ።

«ሐኪሙ ሲሰቅለው አይቻለሁ። አፍንጫዬ ወደ ላይ ነው። ጭንቅላቴን ቁልቁል ይዘህ ነው የምታስተምረው፣ ኡስታዝ?»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ፤ «ማሽኑ ሠራ!»

ሚስቱ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

አጎቴ መልሶ ዝም አለ። በአንድ ቃል የሚድን በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱንም ለብዙ ጊዜ ዋጠ። እኔ ግን ዘዴ አገኘሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ እቀመጥና የሚያውቀውን ነገር አጣምሜ አስረዳለሁ። አንድ ቀን፣ ሰሊጥ መታጨድ ያለበት ቆሞ ክው ብሎ ከደረቀ በኋላ ነው አልኩት።

ብዙ ቆየ። ከዚያ «ፍሬው ከረገፈ በኋላ ከመሬት ልትለቅመው ነው?» አለኝ፤ እስኪመሽም ስለ አጨዳ ነገረኝ።

እናንተም ቤት እንዲህ ዝም ያለ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚያ ፊልሙን ጠቅልላችሁ አስቀምጡና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከእናንተ አብልጦ የሚያውቀውን ነገር አሳስታችሁ አስረዱት። እስኪ ሞክሩት፤ ብቻ ለመልሱ አትቸኩሉ።