እማዬ ማተቧን የፈታችበት ክረምት

ውጭ ጅራፍ ይጮኻል። ቡሄ ደርሷል፤ የሰፈሩ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ደጃችን ላይ ይገራረፋሉ። በሌላ ዓመት ቢሆን ብቅ ብዬ፣ ሜዳ ጠፍቶ ነው ወይ እኔ ጆሮ ሥር የምታስጮኹት፣ ብዬ አባርራቸው ነበር። ዘንድሮ ግን አንገቴ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ነኝ። እንቅርቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ቤቴ ከተመለስሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም። ጠያቂ ይመጣል፣ "እግዜር ይማርሽ" ይላል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ታዲያ የቀኝ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ደነዘዘ፤ ቆይቶ ደግሞ ጉንዳን የሚሄድበት መሰለኝ። እጄን ጋቢ ውስጥ ደብቄ ለማንም አልተናገርሁም። ይህን ድንዛዜ አውቀዋለሁ። በእናቴ ነው የማውቀው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወስደው በኩል ነበር። በበጋ ፀሐይ እያለ የሚበርድ፣ በክረምት ደግሞ ጉሙ ደጅ ድረስ መጥቶ የሚተኛበት አገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ራሴን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ጉልበቷ መሀል ሸጉጣኝ ጸጉሬን ትሠራኛለች። የቅቤው ሽታ፣ የጉልበቷ ሙቀት፣ ስትጎትተኝ የማፈሰው እንባ፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። ሠርታ ስትጨርስ ጣቶቿን ከአገጬ ሥር አስገብታ አንገቴን ወደ ታች ትዳብሰኛለች። "ዋጪ" ትለኛለች። ምራቄን እውጣለሁ። ያኔ "ተመስገን" ብላ ጀርባዬን መታ አድርጋ ትለቀኛለች። እኔ ይህን ሁሉ የሹሩባው መጨረሻ አድርጌ ነበር የማስበው። ሹሩባ ያለሱ አያልቅም ብዬ የጎረቤት ልጅ ጸጉር ስሠራ እንኳ አንገቷን እዳብስ ነበር።

እማዬ እንቅርት ነበረባት። አያቴም ነበረባት። በዚያን ጊዜ ባገራችን እንቅርት እንደ ጉድ አይታይም፤ ሻሽ ጣል ያደርጉበታል፣ አንዳንዴም "ጌጥሽ ነው" እየተባባሉ ይቀልዱበታል። የእማዬ ግን እያደር አበጠና እህል መዋጥ ከለከላት። ጋደም ስትል ትንፋሿ ያፏጫል። አባዬ ያን ማፏጨት ሲሰማ ተነሥቶ ይቀመጣል፣ እኔም እሱን ሳይ እነቃለሁ። በመጨረሻ በሬውን ሸጦ ባሕር ዳር ወሰዳት።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ተመለሱ። ከመኪናው መንገድ በበቅሎ አምጥቷት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲሉ ሮጬ ሄጄ መጀመሪያ ያየሁት አንገቷን ነው። እብጠቱ የለም። ስሜን ጠራችኝ፤ የወጣው ድምፅ ግን የሷ አልነበረም፣ ሻካራና የተቆረጠ ነበር። ደንግጬ ወደ ኋላ አልሁ። ሌላም የጎደለ ነገር ነበር፤ እኔ ያላየሁትን ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ገና ከደጅ አዩት። ማተቧ የለም።

እትዬ ስንዱ ደግ ሴት ነበሩ፣ አፋቸው ግን ቁልፍ አልነበረውም። ለቀዶ ሕክምናው ይፈታ ተብሎ እንደተፈታ፣ ቁስሉ እስኪደርቅም አንገቷ ላይ እንደማይታሰር አባዬ አስረዳቸው። እማዬም ክሩን የእጅ አንጓዋ ላይ ጠምጥማ ይዛው ነበር። እሳቸው ከንፈራቸውን መጠጡና ወጡ። ማታውን መንደሩ ሁሉ እማዬ ያለማተብ እንደመጣች አወቀ። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ግን የመጣ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ አንገቷ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ መሬት ያያል። እማዬ ይህን አየች። ሻሽ የምትጠመጥምበት እንቅርት ባይኖርም ሻሿን መልሳ ጠመጠመች።

እንግዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ። ሐኪሙ ሲያሰናብታት ለአባዬ ደጋግሞ ነግሮታል፤ ኪኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ትውሰድ፣ ወተት ትጠጣ፣ ጣቷን ከደነዘዛት ቶሎ አምጣት፣ ችላ ካልኸው እጇ ይታሰራል፣ ጉሮሮዋም ሊዘጋ ይችላል ብሎታል። አባዬ ቤት ሲገባ ቃል በቃል አወራው። በሦስተኛው ቀን ፍልሰታ ገባ።

እማዬ እንደማንኛውም ዓመት ጾመች። ቅዳሴ እስኪወጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም። ወተቱን አባዬ ቀድቶ ሲሰጣት፣ "ማተቤን ፈትቼ ደግሞ ጾሜን ልግደፍልህ?" አለችው። ኪኒኑንስ ሲላት መልሷ ዝግጁ ነበር፤ ከምግብ በኋላ ነው ያሉኝ፣ እኔ ምግቤ በቀን አንዴ ነው፣ ስለዚህ ኪኒኔም አንዴ ነው አለች። ሞኝነት አልነበረም። ላገራችን ሰው ከዚህ የቀና ሒሳብ የለም። የሰማት ሁሉ አደነቃት፤ በሕመም አልጋ ላይ ሆና እንኳ ጾሟን አልፈታችም ተባለ። ዓይኖች ሁሉ ከአንገቷ ተነሡ። አባዬ አንድ ቀን ደግሞ ሊናገር ጀምሮ፣ ቀና ብላ ስታየው ዝም አለ።

ያ ሰሞን ቤታችን ጨለማ ነበር። ቁስለኛ ሽታ ይመታዋል ስለሚባል በሩ ገርበብ ብሎ ይውላል፣ ጠያቂም ከደጃፉ አይዘልቅም። ራስጌዋ ላይ ጥላ የሚሉት ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋት ማጭድ ተቀምጧል። ጤና አዳምና የእርጥብ ጭራሮ ጭስ ይሸታል። ጣራው ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ጣሳ ከእጇ ወደቀ። በማግስቱ ከንፈሯን እያሸች በርበሬ የነካው ይመስል ይለበልበኛል አለች። ከዚያ ጠራችኝና ጣቶቿን እንዳሽላት አደረገች። እጇ በረዶ ነበር። ወንዶቹ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ማስጮህ ጀምረው ነበርና አንዱ ጧ! ባደረገ ቁጥር ሰውነቷ በሙሉ ይዘላል። እኔ መጀመሪያ የምትጫወት መስሎኝ ሳቅሁ። ፊቷን ሳይ ግን ሳቄ ቆመ።

ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብላኝ ነበር። እኔ ግን መች የምደብቅ ሆንሁና፣ አባዬ ገና ደጅ ላይ ሳለ ነገርሁት። ገብቶ ጠየቃት፣ "ብርድ ነው" አለችው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አላት። እትዬ ስንዱ በበኩላቸው "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ብለው አዘኑና፣ ይህ የሐኪም ነገር አይደለም፣ ያለማተብ ስትመጣ መንገድ ላይ ጥላ ተጠግቷት ነው፣ ወንዛዬ ወስደን ፍል ውኃው ውስጥ ትነከር ብለው ቆረጡ። ከኛ ቤት ወንዛዬ በዚያ ዝናብ! ሁላችንም አንድ ነገር እየመጣ እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ የምንጠብቀው መድረሱን ብቻ ነበር የሚመስለው።

በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ልጆቹ እየጨፈሩ ደጃችን መጡ። እማዬ ከአልጋዋ ተነሥታ ሙልሙሉን ራሴ ካልሰጠሁ አለች። ዳቦውን እንደዘረጋች እጇ ተያዘ። ጣቶቿ ተሰብስበው፣ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ልክ ጉርሻ እንደምታጎርስ ሆና ቀረች። ዳቦው ጭቃው ላይ ወደቀ። ግራ እጇም ቀጥሎ እንደዚያው ሆነ። ልጆቹ ጭፈራቸውን አቆሙ። እማዬ ልትናገር ስትሞክር ከጉሮሮዋ የወጣው የዶሮ ድምፅ የመሰለ ትንፋሽ ነበር።

አባዬ ወደ ከተማ ሊያደርሳት መንገዱን የሚያቋርጠውን ወንዝ ለማየት ሮጠ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ ሰው አያሻግርም። እትዬ ስንዱ ቃሬዛ አምጡ እያሉ ወጣቶቹን ወደ ወንዛዬ ያሰማራሉ። በዚህ መሀል የንስሐ አባታችን ቄስ ገብሬ ጸበል ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። አባዬ ከወንዙ ተመልሶ እግራቸው ላይ ወድቆ፣ ያን ሁሉ ቀን የዋጠውን ነገር አወጣው።

"ሐኪሙ ወተት ጠጪ ብሏት ነበር። ኪኒኑን በቀን ሦስቴ ብሏት ነበር፣ አንዴ ነው የምትውጠው። እኔ እሷን ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት።"

ቄስ ገብሬ ጸበሉን አስቀመጡና ወተት እንዲመጣ አዘዙ። እማዬ ጥርሷን ነከሰች። "ሙት አይጾምም፣ ልጄ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ፣ ጠጪ" አሏት። ራሷን ነቀነቀች። በብዙ ልፋት፣ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ፣ "አንገቴ ላይ ማተብ የለ፣ አፌ ላይ ጾም የለ፤ ታዲያ በምኔ ነው ክርስቲያን የምባለው?" አለች። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ፤ ያን ማፏጨት እኔና አባዬ እናውቀዋለን። ትሞታለች ብዬ አሰብሁ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ የተሰበሰበ እጇን በሁለት እጄ ያዝሁና፣

"እማዬ ጠጪ። እኔ እጾምልሻለሁ" አልኋት።

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች። አባዬ ኪኒኑን አድቅቆ በወተት አጠጣት፣ እንባው ዋንጫው ውስጥ እየተንጠባጠበ። እትዬ ስንዱ ጥግ ይዘው ያለቅሳሉ። እጇን አለቀቅሁም፤ ሲመሽ ጣቶቿ አንድ በአንድ መላላት ጀመሩ። ጠዋት ወንዙ ጎደለ፣ በቃሬዛ ከተማ ወስደው መርፌ አስወጓት፣ ተረፈች። እኔም ፍልሰታ እስኪፈታ ሆዴ እየጮኸ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምሁላት። ማታ ማታ "ዛሬስ ጾምሽልኝ?" ትለኛለች፣ ቀልድ በሌለው ፊት። "አዎ" እላታለሁ። ያኔ ወተቷን ትጠጣለች። ቁስሏ ሲደርቅ ቄስ ገብሬ ማተቧን መልሰው አሰሩላት። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም፤ ኪኒኑም እስከ ዛሬ አልተለያትም።

አሁን እንግዲህ ዘመኑ ሌላ ነው። ጨዉ የእንቅርት መድኃኒት አለው ይሉናል፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ባጃጅ ደጅ ድረስ ይመጣል፣ ሐኪሜም ስልኩን ሰጥቶኛል። ምን ያስፈራሻል ይሉኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ለምን እንዳወጡት የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ያየሁ ሰው፣ ኪኒኔን በሰዓቱ እየዋጥሁ፣ ወተቱን ግን ፍልሰታ ነው ብዬ ስንት ቀን ስገፋው ሰነበትሁ። ሰው እኮ ጉድ ነው።

እማዬ ዛሬ አርጅታ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቅድም ዋንጫ ይዛ ገባች። ጋቢው ሥር እጄን ሳሽ አየችኝና ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ወተቱን አፌ ላይ አስጠግታ፣ "ጠጪ። የዛሬው የኔ ተራ ነው" አለችኝ። አንቺማ ኪኒን የምትውጪ ሰው፣ ደግሞ እጅሽ ሊታሰርብኝ ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ፤ ድምፄ ስለማይወጣ ቁጣው እንኳ አላማረብኝም። ስንከራከር የስምንት ዓመቷ ልጄ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ለሁለታችሁም እኔ እጾማለሁ" አለች።

እማዬ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ ሳቀች። እኔ ወተቱን ጠጣሁ፣ ሐኪሙም ጋ አስደወልሁ፣ ባጃጁ እየመጣ ነው። እስኪመጣ ድረስ እማዬ ልጅቱን ለቡሄ ልሥራሽ ብላ ጉልበቷ መሀል አስቀመጠቻት። ጅራፉ ውጭ ይጮኻል። ሹሩባውን ጨርሳ ጣቶቿን ከአገጯ ሥር አስገባችና ወደ ታች ዳበሰቻት።

"ዋጪ" አለቻት። ልጄ ምራቋን ዋጠች። እማዬ እጇን አላነሣችም። "እስቲ ድገሚ" አለቻት።

ቀና ብዬ "ተመስገን" እስክትል ጠበቅሁ።