ሁለተኛው ዘጠኝ ኩባያ

ትናንት የልጅ ልጄ የኬሚስትሪ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «አያቴ፣ አሲዱን በውሃ ሳቀጥነው ጥንካሬው ስንት ይሆናል?» አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ ጥያቄውን ሳነበው የበረኪና ሽታ ወደ አፍንጫዬ መጣ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ ቤቴል አካባቢ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሬ በረኪና እበጠብጥ ነበር። ለዕቃ ማጠቢያ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ፤ ለቁስል ደግሞ ከዚያው ከተበጠበጠው አንድ ኩባያ ተቀድቶ እንደገና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ ይቀጥናል። በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ ስለነበርኩ ሥራውን ንቄው ነበር መሰለኝ።

ክረምት ነው፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚተዳደሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት፣ ጠርሙስ የቆረጠውን እግራቸውን በጨርቅ አስረው መጡ። ወረፋው ረዥም ነበር። ስጣደፍ ሁለተኛውን ማቅጠን ረስቼ የዕቃ ማጠቢያውን ቁስላቸው ላይ አፈሰስኩት።

አልጮኹም። የተቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም «ጎበዝ ናቸው» ብዬ ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ነርሷ ሲስተር ብርቄ ሲያልፉ ሽታው አስቆማቸው። «ምንድን ነው ያፈሰስሽባቸው?» ብለው ኩባያውን ነጠቁኝና ቁስሉን በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አጠቡት። ዳር ዳሩ ቀልቶ ነበር።

«ረስቼ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። «መድኃኒት ሁሉ እንዲህ የሚያቃጥል መስሎኝ ቻልኩት እኮ፣ ልጄ።»

ሲስተር አላባረሩኝም። «እስኪድኑ ድረስ ቤታቸው እየሄድሽ ፋሻውን የምትቀይሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ሽሮ እያማሰሉ፣ «ለመሆኑ ምኑን ነው የተሳሳትሽው?» አሉኝ። ስለ ኩባያዎቹ ነገርኳቸው። «ገባኝ» አሉ። «ሽሮ ጨው ሲበዛበት ውሃ ብጨምር ጨዉ የትም አይሄድም፤ ይበተናል እንጂ። አንቺ ሳትበትኚው ሰጠሽኝ።»

የማቅጠንን ቀመር ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሸምድጄው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሽሮውን በእንጀራ አቅርበው፣ «ብዪ፣ ይኼኛው ልክ ነው» አሉኝ።

በሁለት ሳምንት እግራቸው ዳነ። በመጨረሻው ቀን በሁለቱም እግራቸው ረግጠው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። እኔም በዓመቱ ነርሲንግ ለመማር ተመዘገብኩ።

ይህንን ስነግረው የልጅ ልጄ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ግን ለምን አልጮኹም?»

«ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ይሆናል» አልኩት።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቁስል ባጠብኩ ቁጥር «ያምዎታል?» እል ነበር። ብዙዎቹ መጀመሪያ «ምንም አይል» ይላሉ። እውነቱን የሚነግሩኝ እጄን አቁሜ ደግሜ ስጠይቃቸው ነው።