የትርፌ አራተኛ ምርጫ

ህብረት ጦና ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህ ከወዲሁ ይያዝላት። በወላይታዋ በዴሳ ከተማ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆማ፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች የአወሳሰዱን ነገር ሦስቴም አራቴም የምታስረዳ፣ ሰው የማትቆጣ ፋርማሲስት ናት። ሲያመሰግኗት ግን አንገቷን ትደፋለች። ሰዉ ትሕትና ይመስለዋል። እፍረት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ሳለች ነው። ህብረትና የገሱባዋ ልጅ ትርፌ አንድ ተደራራቢ አልጋ ተካፍለው፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች እየተኙ ዓመቱን ጨረሱ። ሁለቱም ፋርማሲ ለመግባት ቆርጠዋል። ትርፌ ጎበዝ ናት፤ ህብረት ታታሪ። ትርፌ አንዴ አይታ የምትይዘውን ህብረት አራቴ ታነበዋለች፤ አሁንም ካልገባት የምታስረዳት ራሷ ትርፌ ናት። ዓመቱ ሲያልቅ ትርፌ ሦስት ነጥብ ሰባት፣ ህብረት ሦስት ነጥብ ሦስት አመጡ።

የዲፓርትመንት ምርጫ በኦንላይን የሚሞላበት ሳምንት ሲደርስ የትርፌ አባት ከጣሪያ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ የሚል ስልክ መጣ። በዚያ ሰሞን ገሱባ ኢንተርኔት ጠፍቷል። ትርፌ ፓስወርዷን በደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፋ ለህብረት ሰጠቻት።

«አንደኛ ፋርማሲ በይልኝ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ ደርድሪው» አለቻት ሻንጣዋን እያነሳች። «ካንቺ በላይ ማን ያውቅልኛል?»

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ወሬ ተነዛ። ፋርማሲ ዘንድሮ የሚቀበለው ሃያ ተማሪ ብቻ ነው ተባለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም አመነው። ህብረት ፋርማሲ ከሚፈልጉት ውስጥ በውጤት የሚበልጧትን ቆጠረች። ልክ ሃያ ሆኑ፤ አንዷ ትርፌ ናት።

ላይብረሪ ገብታ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። የራሷን ሞላች። ቀጥላ የትርፌን ከፍታ አንደኛው ላይ ፋርማሲ አለች፤ መልሳ አጠፋችው። ዕፅዋት ሳይንስን አንደኛ፣ ፋርማሲን አራተኛ አድርጋ ላከችው። ከዚያ ተነስታ ተማሪዎች ካፌ ሄደች፣ ተሰልፋ ምሳዋን ተቀበለች፣ በላችም። በላች እንጂ! ዛሬ ድረስ ትዝ ሲላት ፊቷን የሚያግለው ያ ምሳ ነው።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ፋርማሲ የተቀበለው አርባ አምስት ሰው ሆኖ ተገኘ። መጨረሻ ላይ የገባው ልጅ ውጤት ሦስት ነጥብ አንድ ነበር። ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ ነበረ፣ ተርፎም ነበር። ህብረት ጓደኛዋን አሳልፋ የሰጠችው እንዲሁ በከንቱ ነው።

ትርፌ ከገሱባ ተመልሳ ስሟን ዕፅዋት ሳይንስ ስር ስታገኘው ሦስት ቀን አለቀሰች። «ሲስተሙ ተጨናንቆ ነበር፤ ገለባብጦት ይሆናል» አለቻት ህብረት። ትርፌ አመነቻት። ህብረት አባበለቻት፣ ሬጅስትራር ድረስ አብራት ሄደች፣ ማመልከቻውን እንኳ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ጻፈችላት። የዓይኗ ድርቀት! ምርጫ ከተዘጋ በኋላ አይቀየርም ተብለው ተመለሱ። ህብረት ሐዘኔታዋን ከፊቷ ሳታጠፋ በሆዷ እፎይ አለች።

እነግራታለሁ ስትል ዓመታት አለፉ። ምርቃት ላይ ልትነግራት አስባ፣ ደስታዋን ላበላሽባት? ብላ ተወችው። ሰርጓ ላይ ሚዜ ሆና ከጎኗ ቆማም ተወችው። ሰበብ መቼ ጠፍቷት ያውቃል?

ዘንድሮ ሶዶ ያለችው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሙያ ምርጫ ፕሮግራም አዘጋጀችና የወጣቶቹ አስተባባሪ መክብብ ሁለቱንም ጋበዛቸው። ትርፌ ገሱባ ካለው የኦፋ ወረዳ ግብርና ቢሮ መጣች፤ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ጫማዋ አፈር የያዘ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። «ሳሮ!» ብላ በወላይትኛ ሰላምታ ህብረትን አቅፋ ሳመቻት። መድረኩ ላይ መጀመሪያ የተናገረችው ትርፌ ናት።

«እኔ የፈለግኩት ፋርማሲ ነበር» አለች ለተማሪዎቹ። «ዕፅዋት ሳይንስ ሲደርሰኝ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ዛሬ ግን እንሰታቸውን አጠውልግ የሚባል በሽታ የጨረሰባቸው እናቶች፣ እንዳይዛመት ቢላዋውን በእሳት እየለበለቡ መቁረጥ ስላስተማርኳቸው ጓሯቸው አገግሟል። እኔ አልመረጥኩትም፤ ሰውም አልመረጠልኝም። እግዚአብሔር መረጠልኝ!»

አዳራሹ «አሜን!» አለ። ህብረትም አለች። ተራዋ ሲደርስ በርትታችሁ አንብቡ ብላ ሁለት ደቂቃ ሳትሞላ ተቀመጠች።

ከፕሮግራሙ በኋላ ወደ መናኸሪያው አብረው ሲወርዱ ህብረት ቆመች።

«ትርፌ፣ ሲስተሙ አይደለም» አለቻት፣ ሁልጊዜ በሚያወሩበት በወላይትኛ። «እኔ ነኝ። ፋርማሲን አራተኛ ያደረግኩብሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሳታቋርጥ ሁሉንም ተናገረች፤ ወሬውን፣ ቆጠራውን፣ ምሳውን ሳይቀር።

ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር። ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ባጃጆች በአጠገባቸው እያለፉ አቧራውን አለበሷቸው። ትርፌ በመጨረሻ ስትናገር ወላይትኛውን ትታ በአማርኛ ነበር፤ ቢሮ ከመጣ ባለጉዳይ ጋር እንደምትነጋገር።

«ዲፓርትመንቱን ተይው። ሥራዬን እወደዋለሁ» አለች። «ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ‹አንተ መረጥክልኝ› እያልኩ በጸሎት ያመሰገንኩት አንቺን ነው?»

ህብረት አንገቷን ደፋች።

«ዛሬስ? እዚያ ቆሜ ስመሰክር አሜን ብለሻል?»

አላልኩም ማለት ይቻል ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሷን ድምፅ ማን ለይቶት?

«ብያለሁ» አለች።

ትርፌ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገችና ወደ ገሱባው ሚኒባስ ሄዳ ገባች።